ከጣራ የተጀመረው ቤት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የተሰማ ንግግር)



ከቆሼ ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ጢያን አልፎ ወደ መልካ ቁንጥሬ ሲቃረብ ወደ አዳዲ ማርያም የሚገነጠል መንገድ ያገኛል። በዚህ ጐዳና የተመላለስን ብዙዎች ስንሆን፣ ይህችን ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ያየናት ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ዛሬ ስለ እርስዋ ጥቂት ቃል ለማሰማት ተነሥተናል።

አዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለች ናት እንጂ በድንጋይ የተገነባች አይደለችም። ጠራቢዎቹ ቦይ ቆፍረው አለቱን ከለዩ በኋላ ከጣራው ጀምረው ወደ ታች እየጠረቡ በርና መስኮት አወጡለት፤ ውስጡንም ፈልፍለው ቤት አደረጉት። ትውፊት ሥራዋን ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ዛሬም ይቀደስባታል። የዚህ ሥራ ሕግ ከባድ ነው፤ ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ በሌላ ይተካል፤ ጠራቢ ግን አንድ ጊዜ የፈለጠውን መልሶ ሊተክል አይችልም።

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያንዳንዱ ስፍራና ዕቃ የየራሱ አገልግሎት አለው። በቅኔ ማሕሌት ደብተራዎች ይዘምራሉ፤ በቅድስት ምእመናን ይቈርባሉ፤ ታቦቱ ወዳለበት ወደ መቅደሱ ግን ከካህናት በቀር የሚገባ የለም። መቋሚያውም ለጌጥ የተያዘ በትር አይደለም፤ ረጅሙን ማሕሌት በእግራቸው ቆመው የሚያደርሱ ሰዎች ይደገፉበታል፤ ዜማውንም ይመቱበታል። ከብረት ደወል በፊት ሕዝቡን የሚጠራው የተንጠለጠለ ድንጋይ ነበር፤ በአንዳንድ ገዳማት እስከ ዛሬ ይመታል።

በእንግሊዝ አገርም በመካከለኛው ዘመን የመንደር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ በሥዕል ያጌጠ ነበር። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የሃይማኖት ለውጥ በመጣ ጊዜ ብዙው ሥዕል በኖራ ተለቀለቀ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሊቃውንት ኖራውን በጥንቃቄ እየፋቁ ከፊሉን ቢያገኙም፣ አንድ ጊዜ የጠፋው ግን ሳይመለስ ቀረ።

እኛስ? አዲስ ቤተ ክርስቲያን በተሠራበት በአንድ ሰፈር፣ በመጥረቢያ የተጠረበው ያሮጌው የዝግባ በር ለማገዶ ሲፈለጥ ከመካከላችን አንዳንዶቹ አይተናል። የፈለጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ምን እንደ ሆነ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። እኛም ቆመን ከማየት በቀር አንድ ቃል አልተናገርንም። ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ነው።

ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። የጠራቢው ጥበብ ግን የሁላችንም አባቶች ጥበብ ነው፤ አሮጌ መስጊድም ቢሆን እንዲሁ። ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ አሮጌ በር፣ የብራና መጽሐፍ ወይም የድንጋይ ደወል ከመጣሉ በፊት ጥሩንና አሳዩን። እኛም ልኩን ለክተን፣ መልኩን ስለን፣ ታሪኩን ከሽማግሌዎች ጠይቀን በደብተራችን እንጽፋለን። የተፈለጠ አለት ተመልሶ አይተከልምና።