«ልቤ ተቃጠለ» ስንል ሐኪሙ ምን ይሰማል?

ዛሬ የምናነሣላችሁ ስለ ድባቴ ነው። ይኸውም አንድ ቀን ሆድ ብሶን ማደራችን ሳይሆን፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሐዘን ሲጫነን፣ እንቅልፍና ምግብ ሲዛባብን፣ የምንወደው ሁሉ ሲያስጠላን ነው።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ ሽማግሌዎቻችንና እናቶቻችን ሐኪም ዘንድ ቀርበው «ልቤ ተቃጠለ» ይሉ ነበር። ለማስተርጎም የሄደው ልጅ ቃሉን እንዳለ ወደ ዕብራይስጥ ሲመልሰው ሐኪሙ የልብ ምርመራ ያዛል። ልብ ደህና ይሆናል፤ ሰውየውም «ምንም የለብህም» ተብሎ ይመለሳል። ነበረበት እንጂ! በሱዳን መንገድ አራት ሺህ ያህል ወገን አልቋል፤ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ 14,325 ሰዎች ሲገቡም ከብዙዎቹ ዘመድ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ታዲያ ሐዘን እንዴት ሥጋን ያማል? ስንጨነቅ አንጎላችን ከኩላሊት በላይ ወዳሉት ዕጢዎች መልእክት ይልካል፤ እነርሱም ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫሉ። ጅብ ላየ ሰው ይህ ይጠቅመዋል። ጭንቀቱ ዓመታት ከቆየ ግን ሰውነት የኮርቲሶልን ትእዛዝ መስማት ይተዋል። ብግነትን፣ ማለት ቁስል ሲቀላና ሲያብጥ የምናየውን የመከላከያ ሥራ፣ የሚያበርደው ይኸው ሆርሞን ስለሆነ እሳቱ ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። መልእክቱም አንጎል ይደርሳል። ጉንፋን የያዘው ሰው ከሰው ርቆ መተኛት እንደሚያምረው ማለት ነው። ለጉበት ቫይረስ ኢንተርፌሮን የተባለውን ብግነት ቀስቃሽ መድኃኒት ከወሰዱት ብዙዎቹ ድባቴ ይዟቸዋል።

ሌላም አለ። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከጉልበታችን 20 በመቶውን ይበላል። ይህን ጉልበት የሚያመርቱት በየሴሉ ያሉ ሚቶኮንድሪያ የተባሉ ምድጃዎች ናቸው፤ ብግነት ሥራቸውን ያውካል። ስለዚህ «ተነሥ፣ አትስነፍ» የምትሉት ሰው ማገዶው አልቆበት ይሆናል።

ይህ ሁሉንም ታማሚ አይመለከትም። በደሙ ከፍ ያለ የብግነት ምልክት የሚገኝበት ከአራት አንድ ያህሉ ነው። በ2013 በአሜሪካ 60 ሕሙማን በተካፈሉበት ሙከራ ኢንፍሊክሲማብ የተባለው ብግነት አብራጅ መድኃኒት በጠቅላላው አልጠቀመም፤ የተሻላቸው የሚመስሉት ብግነታቸው ከፍ ያለው ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የሰፈር መድኃኒት አዋቂ አስፕሪን ቢያዝላችሁ አትቀበሉ።

ስኳር በሽታ ያለበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ ስኳርና ድባቴ አንዱ ሌላውን ይጠራል። እዚሁ ሐዴራ፣ በሂለል ያፌ ሆስፒታል፣ በ1998 ጤና ብሪኡት የተባለው ድርጅት የተመሠረተው ስኳር ወገኖቻችንን ስላጠቃ ነው።

ወደ ቁፓት ሖሊም ስትሄዱ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ እናት በልጇ ፊት ሁሉን አትናገርም። የሚተረጉምላችሁ ባለሙያ ጠይቁ። «ልቤ» ብቻ አትበሉ፤ ስንት ሳምንት እንደሆናችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ ምን እንደምትበሉ ንገሩ። ሞት የሚያስመኛችሁ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። መድኃኒት ከታዘዘላችሁም ሥራው የሚታወቀው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነውና፣ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታቋርጡ።