ማን ተጠየቀ? የዓለም ባንክ ስለ ሥራው አስተያየት ሲሰበስብ

የዛሬው ርዕሳችን ስሙን ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል፤ ግን ትንሽ ታገሱኝ፣ መጨረሻው ቤታችን ድረስ ይመጣል። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ለድሃ አገሮች ገንዘብ የሚያበድር አንድ ትልቅ ተቋም «ስለ ሥራዬ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚጠይቀው ማንን ነው? እኛስ መልሱን እንዴት ነው ማንበብ ያለብን?

ተቋሙ የዓለም ባንክ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እዚህ አገር በምንቆጥረው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባንኩ የተመሠረተው በ1944 አሜሪካ ውስጥ ብሬተን ዉድስ በተባለ ቦታ በተደረገ ጉባኤ ነው። ኢትዮጵያ ከመሥራች አባላቱ አንዷ ናት። በ1950 ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለልማት ባንክ ደግሞ 2 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ ባንኩ በአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች ውስጥ እነዚህ ይገኙበታል። እስራኤልም በተራዋ ተበድራለች። በ1960 ለአሽዶድ ወደብ ግንባታ 27.5 ሚሊዮን ዶላር የሰጠው ይኸው ባንክ ነው። አሽዶድ የምትኖሩ ልጆች፣ ያ ወደብ በማን ብድር እንደተጀመረ አሁን ሰማችሁ። እስራኤል ዛሬ ከተበዳሪነት ወጥታለች። ኢትዮጵያ ግን አሁንም ከትልልቆቹ ተጠቃሚዎች አንዷ ናት።

ብዙዎቻችን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ገንዘብ እንልካለን። በሐምሌ 2024 መጨረሻ የኢትዮጵያ መንግሥት የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ የዓለም ባንክ በዚያው ሳምንት 1.5 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ፤ 1 ቢሊዮኑ እርዳታ፣ 500 ሚሊዮኑ ብድር። የምንልከው ገንዘብ በብር ሲመነዘር ከበፊቱ በዛ፤ ገበያ ላይ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ተወደደ። ስለዚህ የዚህ ባንክ ሥራ የአክስታችን ጓዳ ድረስ ይገባል ማለት ነው። ብድሩ ደግሞ ረጅም ነው፤ 30 እና 40 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለ ሕፃን አድጎ ግብር መክፈል ሲጀምር ከዚያው ዕዳ ይከፍላል።

እሺ፣ አሁን ወደ ዳሰሳው እንምጣ። ባንኩ በሚሠራባቸው አገሮች በየሦስት ዓመቱ ገደማ የአገር አስተያየት ዳሰሳ ያካሂዳል። ኢትዮጵያም ውስጥ በተደጋጋሚ ተካሂዷል። እዚህ «ሴከር» የምንለው ነገር ነው። መጠይቁ የሚላከው «ባለድርሻ አካላት» ለሚባሉ ሰዎች ነው፦ ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ባለሥልጣናትና ሠራተኞች፣ በባንኩ ገንዘብ የሚሠሩ ፕሮጀክቶችን ለሚያስፈጽሙ ክፍሎች፣ ለክልልና ለአካባቢ አስተዳደር ሰዎች፣ ለሌሎች ለጋሾች፣ ለነጋዴዎች፣ ለሲቪል ማኅበራት፣ ለጋዜጠኞች፣ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን።

ጥያቄዎቹ ብዙዎቹ ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጥባቸው ናቸው። ባንኩን ምን ያህል ያውቁታል? ምን ያህል ያምኑታል? ሥራው ለአገሪቱ ልማት ይጠቅማል? ከመንግሥት ጋር ያለው ትብብር እንዴት ነው? ባንኩ ቅድሚያ መስጠት ያለበት ለየትኛው ዘርፍ ነው፣ ለትምህርት፣ ለሥራ ፈጠራ ወይስ ለግብርና? ትልቁ ድክመቱስ ምንድን ነው? በብዙ አገሮች ተደጋግሞ የሚነሳው ቅሬታ ቢሮክራሲው ይበዛል፣ ሥራው ይጓተታል የሚለው ነው።

ፍትሐዊ እንሁን። ይህ ዳሰሳ ጥቅም አለው። አበዳሪ ተነስቶ ተበዳሪውን «እንዴት ነኝ?» ብሎ መጠየቁ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። የመላሾቹ ስም አይገለጽም። ውጤቱ ለሕዝብ ይወጣል፤ መረጃውም በባንኩ የመረጃ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስም ሳይኖረው ይቀመጣል። ስታቲስቲክስ ወይም ኢኮኖሚክስ የምትማሩ ልጆች ፋይሉን አውርዳችሁ ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። ባንኩም ቢሆን «ይህ የመላው ሕዝብ ድምፅ ነው» አይልም። የጠየቅሁት ሥራዬን በቅርብ የሚያውቁትንና ሐሳባቸው የሚደመጠውን ሰዎች ነው ይላል።

ችግሩ የሚመጣው ውጤቱ ከሪፖርቱ ወጥቶ መንገድ ሲጀምር ነው። «ባለድርሻዎች እንዲህ አሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአንድ ስብሰባ «የአገሪቱ ሰዎች እንዲህ አሉ» ይሆናል፤ በሌላ ስብሰባ «ሕዝቡ ይህን ይፈልጋል» ይሆናል።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንመልከተው። ባለድርሻ ማለት ድርሻ ያለው ማለት ነው። በአንድ የመንገድ ፕሮጀክት ከሁሉ የበለጠ ድርሻ ያለው ማን ነው? መሬቱ ለመንገዱ የተወሰደበት ገበሬ አይደለም? መንገዱ ሲያልቅ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ሆስፒታል ማድረስ የሚችለውስ? ገበሬው በአንድ ጊዜ ተጎጂም ተጠቃሚም ሊሆን ይችላል። ግን ኢሜይል የለውም፣ የስብሰባ ጥሪ ወረቀት አይደርሰውም። በዝርዝሩ ላይ የሚገኘው ስለ እሱ የሚናገረው ሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር አማካይ ነው። ለምሳሌ ያህል አሥር ሰው ጠየቅን እንበል። አምስቱ የባንኩ ፕሮጀክት ደመወዝ የሚከፍላቸው ናቸው፣ 9 ሰጡ። አምስቱ ከውጭ ሆነው የሚታዘቡ ናቸው፣ 5 ሰጡ። አማካዩ 7 ነው። ሪፖርቱ ላይ «7፣ መልካም» ተብሎ ይጻፋል። ከአሥሩ ሰዎች ግን 7 የሰጠ አንድም የለም! ስለዚህ ቁጥር ስታዩ በየቡድኑ ተከፋፍሎ እንደሆነ ፈልጉ። የባንኩ ሪፖርቶች ብዙ ጊዜ በየቡድኑ ከፋፍለው ያሳያሉ፤ አንባቢው ግን የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ ይዘጋዋል።

አሁን ደግሞ በእውነት የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። ከ2005ቱ የኢትዮጵያ ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ለጋሾች ለመንግሥት በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቋረጡ። በምትኩ በ2006 የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ተጀመረ። ገንዘቡ በወረዳ በኩል ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ይውል ነበር። ማን ይቃወማል? አስተማሪና ነርስ የማይፈልግ መንደር የለም።

በ2012 ግን ከጋምቤላ ተሰደው ጎረቤት አገር የገቡ አኙዋኮች ለባንኩ ኢንስፔክሽን ፓነል አቤቱታ አቀረቡ። ይህ ፓነል በ1993 የተቋቋመ፣ ከባንኩ የሥራ አስተዳደር ነጻ የሆነ፣ የተጎዱ ሰዎች አቤት የሚሉበት አካል ነው። ሰዎቹ ያሉት እንዲህ ነው፦ መንግሥት ሰዉን በመንደር ሲያሰባስብ በግድ ከቀያችን ነቀለን፤ ይህን ካስፈጸሙት ውስጥ በዚህ ፕሮግራም ደመወዛቸው የሚደገፍ ሠራተኞች ነበሩበት። መንግሥት «ሰፈራው በፈቃደኝነት ነው» አለ። የባንኩ አስተዳደርም ሁለቱ ሥራዎች አይገናኙም ብሎ ተከራከረ። ፓነሉ ግን በ2015 ይፋ በሆነው ሪፖርቱ፣ ሁለቱ በአሠራር እንደሚገናኙ፣ ባንኩም አደጋውን በሚገባ እንዳልመዘነና አንዳንድ የራሱን ደንቦች እንዳልጠበቀ ገለጸ። የመንደር ማሰባሰቡን ራሱን መመርመር ግን የፓነሉ ሥልጣን አልነበረም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አዲስ አበባ ላይ ያለውን ቢሮ ሁሉ ዞረን ስለዚያ ፕሮግራም ነጥብ ብንሰበስብ ኖሮ፣ ይህ ነገር ይወጣ ነበር? መላሾቹ ውሸታም ስለሆኑ አይደለም። ስላልደረሰባቸው ነው። የደረሰበት ሰው ስደተኛ ካምፕ ነበር፤ የካምፕ ድንኳን ደግሞ በባለድርሻዎች የአድራሻ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ሰዎቹ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ድንበር ተሻግረው፣ ራሳቸው መጻፍ ነበረባቸው።

ታዲያ ሌላ መንገድ አለ ወይ? አለ፤ እዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከዚያው ፕሮግራም ጎን ተሞክሯል። ማኅበራዊ ተጠያቂነት ይሉታል። የቀበሌው ነዋሪዎች ይሰበሰባሉ፤ ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ ሆነው ስለ ጤና ጣቢያቸው ወይም ስለ ትምህርት ቤታቸው ነጥብ ይሰጣሉ። የጤና ጣቢያው ሠራተኞችም በበኩላቸው ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። «እናንተ ለመድኃኒት አቅርቦት 3 ሰጣችሁ፣ እኛ 8 ሰጠን፤ ለምን?» ብለው ይነጋገራሉ። መጨረሻ ላይ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ ጽፈው ይለያያሉ። ይሄም ፍጹም አይደለም። ነገ ለማዳበሪያ የምትሄድበት የቀበሌ ሹም ተቀምጦ እያየህ ዝቅተኛ ነጥብ መስጠት ድፍረት ይጠይቃል። ግን ቢያንስ የተጠየቀው አገልግሎቱን የሚጠቀመው ሰው ነው፤ መልሱም ተመልሶ ወደ እሱ ይመጣል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እኛ እዚህ አገር ስንት ጊዜ ተጠይቀናል? ከኢሪያ ይደወላል፣ ከማትናሱ ወረቀት ይመጣል፣ ከአንድ አሙታ በዋትስአፕ ሊንክ ይላካል። ብዙ ጊዜ መላሿ እናት ናት፤ አስተርጓሚው ልጇ ነው። «እናቴ፣ ስለሚሰጡሽ አገልግሎት ምን ትያለሽ?» «ደህና ነው ልጄ፣ ተመስገን።» ልጁም በዕብራይስጥ «ሜሩጻ ሜኦድ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ በጣም ረክታለች ማለት ነው።

ረክታለች እንዴ? የእኛ ሰው «ደህና ነው» የሚለው ሲያመውም ነው። ቤቱ የመጣን ጠያቂ ማሳፈር ነውር ነው፤ እጁን የዘረጋልህን ሰው ማማት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። የሆድን በሆድ ይዞ «እግዜር ይስጥልን» ማለት ጨዋነት ነው። ይሄ ጨዋነት እኮ ሀብታችን ነው፤ እንዲጠፋ አልፈልግም። መጠይቅ ላይ ሲገባ ግን ቁጥር ይሆናል፤ ቁጥሩም «ችግር የለም» ብሎ ይመሰክርብናል። በመኪና የመጣ እንግዳ ወረቀት ይዞ ፊቱ ሲቆም፣ ኢትዮጵያ ገጠር ያለው ገበሬም የሚመልሰው እንደዚሁ ነው።

መፍትሔው ጥያቄውን መቀየር ነው። «ረክተዋል ወይ?» የሚለው ጨዋ መልስ ይጠራል። «ባለፈው ወር ስንት ቀን ውሃ ጠፋ? ቢሮ ሄደው ስንት ጊዜ ነገ ይምጡ ተባሉ? ደብዳቤው በሚገባዎት ቋንቋ ተጻፈልዎት?» የሚለው ግን ማንንም ማማት አይደለም። የሆነውን መናገር ነው። እናታችን ያንን በደንብ ትመልሳለች።

ስለዚህ ከመካከላችሁ በአሙታ፣ በኢሪያ፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም አንድ ቀን በዓለም አቀፍ ተቋም የምትሠሩ ትኖራላችሁ። መጠይቅ የምታዘጋጁትም እናንተ ትሆናላችሁ። ማንኛውም ሴከር እጃችሁ ሲገባ እነዚህን ጠይቁ። የተጠያቂዎቹን ዝርዝር ማን አወጣው? ከተጠያቂዎቹ ውስጥ እንጀራው ከጠያቂው ጋር የተያያዘ ስንት ነው? በምን ቋንቋ፣ በማን ፊት ተጠየቁ? መልሱስ ለማን ይመለሳል፣ መቼ? የእነዚህን መልስ የማያሳይ ቁጥር ስታዩ፣ አማካዩ 9 ቢሆንም እንኳን ቶሎ አትመኑት።

እናንተም የቤተሰብ አስተርጓሚ ስትሆኑ «ደህና ነው» የሚለውን ሰምታችሁ ቶሎ አትጻፉ። አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁ፦ «እማዬ፣ ባለፈው ስትሄጂ ምን ሆነ?» ከዚያ የነገረቻችሁን ጻፉ። ክፍት ቦታ ከሌለው በኅዳጉ ላይ ጻፉ።

አባቶቻችን «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይላሉ። ባለቤቱ እንዲጮኽ መጀመሪያ ጠያቂው በሩን ማንኳኳት አለበት፤ ካላንኳኳም፣ እንደ አኙዋኮቹ፣ አቤት የሚባልበትን በር ማወቅ ያስፈልጋል።

እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ የተጠየቃችሁት፣ መልሱ የት እንደደረሰ ግን ያልሰማችሁት መጠይቅ ካለ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ጊዜ እናነሳዋለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ፣ ለሂትራኦት።