ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጓደኝነት ግዴታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት፣ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም እምድብር ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የደስታ ቀን ስለ በሽታ መናገር ያለ ቦታው የገባ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚከበረው ስላስተማረው ትምህርት ስለሆነ፣ እኛም ዘንድሮ በድንጋጤ የተማርነውን አንድ ነገር ልናካፍላችሁ ተነሥተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ ጓደኛችን በላብ ተጠመቀ፤ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ መምህሩ ሲጠይቁትም የማይገናኝ መልስ ሰጠ፤ ወዲያው ከወንበሩ ተንሸራትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኛም ተሯሯጥን። አንዱ ውሃ አፈሰሰበት፤ ሁለተኛው ክብሪት ጭሮ አሸተተው፤ ሦስተኛው «ልክፍት ነው» አለ። የረዳችው ግን ወሬውን ሰምታ ከታች ክፍል የመጣች ታናሽ እኅቱ ናት። ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶም ወደ ልቡ ተመለሰ።

ለካ ጓደኛችን ሁለት ዓመት ሙሉ ኢንሱሊን እየተወጋ ከጎናችን ይቀመጥ ነበር። በዚያም ጠዋት መርፌውን ተወግቶ፣ እንዳይረፍድበት ቁርሱን ትቶ መጥቷል። ለምን እንደደበቀን ብንጠይቀው፣ «የሀብታም በሽታ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ ነው» አለን። እኛም አፈርን። ዛሬ ይህን የምንናገረው በእርሱ ፈቃድ ነው።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አገላብጠን፣ ሐኪምም ጠይቀን የተረዳነው ይህ ነው። ከጨጓራ በስተኋላ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። ኢንሱሊንም በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባ በር የሚከፍት ቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲጠፋ ወይም በደንብ ሳይሠራ ሲቀር፣ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነት ግን በጥጋብ መካከል ይራባል። ብርቱ ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ መክሳትና ድካም ምልክቶቹ ናቸው። በልጆችና በወጣቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው አንደኛው ዓይነት ያለ ኢንሱሊን አያኖርም። በትልልቅ ሰዎች ላይ የሚበዛው ሁለተኛው ዓይነት ግን በአመጋገብ፣ በእንቅስቃሴና በኪኒን ብዙ ጊዜ ሊገታ ይችላል።

በ1922 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በዚህ በሽታ ሊሞት ተቃርቦ ሳለ፣ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ጓደኞቹ ያገኙትን ኢንሱሊን ከሁሉ በፊት ተወጋ፤ ከዚያም በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ልጆች ግን ይህ ዕድል አልነበራቸውም።

የሀብታም በሽታ ነው ማለትም ስሕተት ነው። የጎንደሯ ሐኪም ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ድኆችና ከሲታ ወጣቶች መሆናቸውን አሳይተዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋራ የተያያዘውን በሽታ አምስተኛ ዓይነት ብሎ ሰይሞታል።

እንግዲህ በየቀኑ ምን ይደረግ? ቆጮና ቡላ ሲበሉ ወደ ስኳርነት የሚለወጡ ምግቦች ናቸው። ስለሆነም ለሕመምተኛው ፈጽሞ የተከለከሉ ባይሆኑም፣ በልክ ሆነው ከጎመን፣ ከአይብና ከባቄላ ጋራ ቢቀርቡለት ይሻላል። ለስላሳ መጠጥና ብዙ ስኳር ያለበት ሻይ ይቅርበት፤ ቡናውን ግን እንደ አባቶቻችን ልማድ ያለ ስኳር ሊጠጣ ይችላል። በእግር መሄድ ይጠቅመዋል፤ ነገር ግን ቁስሉ ቶሎ ስለማይድን በባዶ እግሩ አይሂድ፤ ማታ ማታም እግሩን ይመልከት። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የኢንሱሊኑ ጠርሙስ በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀመጠ ሸክላ ውስጥ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ይጠበቃል። መጾም የሚሻ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም አስቀድሞ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ይመካከር። ጸሎትም ጸበልም መልካም ነው፤ መርፌውን ግን አያስጥልም።

ወላጆቻችን ሆይ! ለመስቀል ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባ ሲገባ፣ ክትፎው ቀርቦ «በሞቴ፣ ይችን ብቻ!» የሚባልበት ቤት የእኛ ቤት ነው። ይህ ፍቅር መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ሕመምተኛው «በቃኝ» ሲል መጨመር፣ ምግብ ሰዓቴ ደርሷል ሲልም «ሽማግሌዎቹ ይቅደሙ» ብሎ ማስቆየት ሊጎዳው ይችላል። መርፌው ሰዓት አለው፤ ሰዓቱን ማክበር የእርሱ ብቻ ሳይሆን በገበታው ዙሪያ የተቀመጥነው የሁላችንም ሥራ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ! ስኳሩ የወረደበት ሰው ይልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ግራ ይጋባል። መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻለው ድገሙለት፤ ሲሻለውም ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ሕክምና አድርሱት። ክብሪቱን ተዉት።

በሽታውን የሚጠራጠር ሰውም ቤቱ አይቀመጥ። በአገራችን በጉራጌ የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች በ1969 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የአጣጥ ሆስፒታል አለ፤ ጤና ጣቢያዎችም አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍላችን ሣጥን ውስጥ፣ ከጠመኔው አጠገብ አንድ ብልቃጥ ስኳር ይቀመጣል። ጓደኛችንም ቁርሱን ሳይበላ የመጣ ቀን አይደብቀንም፤ ይነግረናል፤ እኛም ከያዝነው እናካፍለዋለን። እኛ ፈተናችንን ጨርሰን እንሄዳለን፤ ብልቃጡን ግን ለሚተኩን ተማሪዎች አደራ ብለን እንተዋለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ!