ፊልትሮው ተለውጦ መኪናው አልነሳ ሲል
(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)





በምስረታ በዓል ስለ ትርፍ ክፍፍል፣ ስለ ብድርና ስለ ገበያ ብዙ ይነገራል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ትንሽ የሚመስል፣ ሆኖም ማህበራትን ለኪሳራ የሚዳርግ ነገር ነው። ይኸውም የናፍጣ ማጣሪያ ወይም በተለምዶ ፊልትሮ የሚባለው ዕቃ ተለውጦ መኪናው አልነሳ ሲል ምን መደረግ እንዳለበት ነው።

ለምሳሌ ጉለሌ አዲሱ ገበያ የሚያድር አንድ የማህበር መኪና ጠዋት ጠዋት ወደ ሱሉልታ ወጥቶ ወተት ያመጣል እንበል። ሾፌሩ ማታ ፊልትሮውን ቀይሮ ያድርና ከንጋቱ 11 ሰዓት ቁልፉን ሲጠመዝዝ ሞተሩ ይዞራል፤ ግን አይነሳም። አባላት ላሞቻቸውን አልበው መንገድ ዳር ይጠብቃሉ። ወተት ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ሳይቀዘቅዝ ለሰዓታት ከቆየ ይበላሻል። ሾፌሩ በጭንቀት ደጋግሞ ሲሞክር ባትሪው ይደክማል፣ ሞተሪኖው ይግላል። በመጨረሻም “ፖምፓው ሞቷል” ተብሎ ደህና ፖምፓ ይፈታል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚባለው ይህ ነው።

ማታ ደህና የነበረ ሞተር ፊልትሮ ስለተለወጠ ብቻ አይሞትም። በመሆኑም መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት በመጨረሻ የተነካው ነገር ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይሠራም። አየር በኃይል ታምቆ ሲግል ናፍጣው ይረጭበትና ይቀጣጠላል። አዲስ ፊልትሮ ባዶውን ከታሰረ ግን በመስመሩ ውስጥ አየር ይገባል። ናፍጣ ሲጫኑት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ ፖምፓው አየሩን ሲጨምቅ ይውላል እንጂ ኖዝሉን የሚከፍት ግፊት አያገኝም።

መፍትሔውም በቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ቁልፍ መጠምዘዝን ማቆም። ከዚያም በሰልባትዮው ውስጥ ናፍጣ መኖሩን፣ የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ተጣብቆ ቀርቶ በአዲሱ ሥር ሁለት ጎማ አለመደረቡን፣ የመግቢያና የመውጫ ቱቦዎች አለመለዋወጣቸውን፣ በሥራው ላይ የተነቀለ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ አየሩን ማውጣት። በብዙ መኪኖች ፊልትሮው አናት ላይ የእጅ ፓምፕና የአየር ማውጫ ብሎን አለ። ከሥሩ ዕቃ ተደርጎ ብሎኑ ትንሽ ይላላል፤ አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ በእጅ ይገፋል። ከዚያ ብሎኑ ይጠብቃል፤ የእጅ ፓምፑ እስኪጠጥር ድረስም መግፋቱ ይቀጥላል። የእጅ ፓምፕ የሌላቸውና በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠሩ መኪኖች ሞተሩ ሳይዞር ቁልፉን ብዙ ጊዜ ከፍቶ በመዝጋት ይሞላሉ።

ሦስተኛ፣ ማስነሳት። የማሞቂያ ካንዴላው እስኪግል ይጠበቃል። ይህ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ለሚለው የጉለሌ ሰሜናዊ ክፍል ብርዳማ ንጋት በተለይ ያስፈልጋል። ሞተሩን በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ብቻ አዙሮ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ማሳረፍ ይገባል።

ተነስቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ አየር አሁንም እየገባ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ናፍጣ ስለማይንጠባጠብ ቀዳዳ የለም ይላሉ። ከሰልባትዮው የሚስበው መስመር ግን ቀዳዳ ቢኖረው አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ናፍጣ ላያፈስ ይችላል።

ከዚህ በኋላ አሮጌ ሞተር ላይ መካኒኮች የኖዝሉን ቱቦ አላልተው ቀሪውን አየር ያወጣሉ። በኮምፒዩተር በሚታዘዙ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ግን ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ የሚፈናጠረው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል።

ሌላም አደጋ አለ። ከእንጦጦ ሥር ቁልቁለት ስለማይጠፋ መኪናውን አንከባሎ ለማስነሳት ይሞከራል። ሞተር ሳይነሳ ፍሬን የሚያግዘው ኃይል ቶሎ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። አየሩ ደግሞ በመንከባለል አይወጣም። ለወተት ሲባል በመንገደኛ ሕይወት መጫወት አይገባም። የተቀጣጠለ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ መያዝም እንዲሁ ክልክል መሆን አለበት።

ከዚህ አኳያ ከማህበራት አመራር የሚጠበቀው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ፊልትሮ የሚለወጠው ለሌሊት ጭነት ዋዜማ ሳይሆን ሥራ በሌለበት ቀን ይሁን፤ ከተለወጠም በኋላ መኪናው ተነስቶ ጥቂት መንገድ ይሂድ። የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር በመዝገብ ይጻፍ። በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ ውኃና ዝቃጭ ከሥሩ ስለሚተኛ ከታች አይቀዳ። ከፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውም ውኃ በየጊዜው ይውጣ። ይህ ምክር ለመኪና ብቻ ሳይሆን በናፍጣ ለሚሠሩ ትራክተር፣ የመስኖ ፓምፕና የወፍጮ ሞተርም ያገለግላል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በግማሽ ሰዓት የሚወጣ አየር የአንድ ቀን ወተት ሊያስደፋ፣ ባትሪና ሞተሪኖ ሊያስለውጥ አይገባም። የማህበር መኪና የአንድ ሾፌር ሳይሆን የአባላት ሁሉ ሀብት ነው፤ ጥበቃውም የሁሉ ነው።

መልካም የምስረታ በዓል!