በደጃችን ያሉትን የዱር እንስሶችና አእዋፍ በፎቶግራፍ ስለ ማንሣት
(በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ታላቅ ነው። የመረጥሁት አርእስት የዱር እንስሶችንና አእዋፍን በፎቶግራፍ ማንሣት ነው። ከመካከላችን «ይህ የአገር ጎብኚ ጨዋታ ነው እንጂ ለጎባ ተማሪ ምን ይረባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ከማንም ይልቅ ለእኛ የሚገባ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን አንድ የዱር እንስሳ ለዓለም የሚታወቀው በጠመንጃ ነበር። በኦሮምኛ ገደምሳ የምንለው የደጋ አጋዘን ለሳይንስ የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ገደለው፤ በ1910 ደግሞ ሪቻርድ ሊዴከር የተባለ ሊቅ ስም አወጣለት። የሳይንስ ስሙም እስከ ዛሬ የአዳኙን ስም ይዞ ይኖራል። በ1960ዎቹ ግን ሌስሊ ብራውን የተባለ የአእዋፍ ሊቅ ይህንኑ እንስሳ በሕይወቱ ሳለ በተራሮቻችን ላይ ተመልክቶ አጠና፤ እንዲጠበቅም አሳሰበ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ተቋቋመ፤ በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። እንግዲህ ከመግደል ይልቅ መመልከት ምን ያህል ፍሬ እንዳፈራ ከዚህ እንረዳለን።

የቅርብ ጊዜ ምሳሌም አለ። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል እያደነ እንደሚኖር ሁላችንም እናውቃለን። በ2024 ግን በባሌ ተራሮች የሚሠሩ ተመራማሪዎች፥ አድሪየን ለሳፍር ከተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ጋራ ሆነው፥ ያልተጠበቀ ነገር አስታወቁ። ቀይ ቀበሮዎች እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ቀይና ቢጫ የደጋ አበባ ማሩን ይልሳሉ፤ አንዳንዱም በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ይጎበኛል። አፉ በአበባ ዱቄት ስለሚሸፈን፥ እንደ ንብ ዱቄቱን ከአበባ ወደ አበባ ሳያደርስ እንደማይቀር ይገመታል። ይህ በቃል ብቻ ቢነገር ማን ያምን ነበር? ፎቶግራፉ ግን ምስክር ሆነ።

ጓደኞቼ፥ ቀጥሎ ያለውን ልብ በሉልኝ። ቀበሮዎቹን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሲሌሮ፥ የዚያን አበባ ማር በመጀመሪያ ያወቁት የባሌ እረኞች ልጆች ሲልሱት አይተው መሆኑን ተናግረዋል። እንግዲህ የማሩ ዕውቀት አስቀድሞ በእረኛ ልጅ ምላስ ላይ ነበረ! እኛ የተራራው ልጆች ብዙ ነገር ቀድመን እናያለን፤ ነገር ግን ያየነው ካልተመዘገበ ከምድጃ ዳር ጨዋታ አያልፍም።

ጊዜውም የሚያዘገይ አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። ከውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከ2003 ወዲህ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። አንድ የጎባ ልጅ ቀበሮውን በትዕግሥት ጠብቆ ፎቶግራፍ ካነሣው በኋላ «ምን ቸገረኝ» ሊል አይችልም። ውሻውንም ለማስከተብ የመጀመሪያው እርሱ ይሆናል።

ሥራውን ለመጀመር ውድ ካሜራ መጠበቅ አያስፈልግም። በስልክም ቢሆን ዱካን፥ አበባን፥ በአጥር ላይ የሚያርፉ ወፎችን ማንሣት ይቻላል። በዲንሾ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ያሉት አጋዘኖች ሰው ስለ ለመዱ ለጀማሪ ይመቻሉ። ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው በሳነቴ ሜዳ ደግሞ፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ በኩሬ ዳር ይታያል። ግዙፉ ፍልፈል በቀን ስለሚወጣ ቀበሮውም በቀን ያድናል፤ ስለዚህ ሌሊት መጠበቅ የለብንም። ጠዋት ፀሐይን ከኋላችን አድርገን ዝቅ ብለን እንቀመጥ። ብርዱ የካሜራውን ባትሪ ስለሚያደክም ባትሪውን በልብሳችን ውስጥ እናሙቀው። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስንገባም መስተዋቱ እንዳያልበው ካሜራውን ከነቦርሳው ጥቂት ጊዜ እንተወው።

ከሁሉ በላይ ግን አራት ነገሮች እንጠብቅ። አንደኛ፥ ወደ ፓርኩ ስንገባ አስቀድመን ፈቃድ እንጠይቅ፤ ውሻም አናስከትል። ሁለተኛ፥ እንስሳው መብላቱን ትቶ ቀና ካለ እጅግ ቀርበነዋልና ወደ ኋላ እንመለስ። ሦስተኛ፥ ሥዕል ያምርልናል ብለን ምግብ አንወርውርለት፤ የወፍ ጎጆም አንነካካ። አራተኛ፥ የታመመ ወይም የሞተ ቀበሮ ብናይ ሳንነካው ከሩቅ አንሥተን ቦታውንና ሰዓቱን ለፓርኩ ሠራተኞች እናስታውቅ። ከፎቶግራፉ የእንስሳው ሕይወት ይበልጣል።

ስለዚህ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ትምህርት ቤታችን አንድ የፎቶግራፍ መዝገብ ይክፈት። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ቦታውና የታየው እንስሳ ቍጥር ይጻፍ። እኛ የዘንድሮ ተፈታኞች ተለይተን እንሄዳለን፤ መዝገቡ ግን ይቀራል። ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ገጹን ሲገልጡ፥ በዘመናችን በተራራው ላይ ምን ይኖር እንደ ነበረ ያውቃሉ። ያ እንስሳ በእነርሱም ዘመን በሕይወት ቢገኝ ድካማችን ዋጋውን አገኘ ማለት ነው።