የመጠጥ ቤት ጭስና አስተናጋጇ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በመጠጥ ቤትና በምግብ ቤት ትንባሆ ይጨስ ወይስ አይጨስ የሚለው ክርክር በሕግ ረገድ ካበቃ ቆይቷል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትንባሆ ቁጥጥር ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጽድቃለች፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ሕዝብ በሚገለገልባቸውና ሥራ በሚሠራባቸው ቤቶች ውስጥ፣ እንዲሁም ከበራቸውና ከመስኮታቸው 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስን ከልክሏል።

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ግን ክርክሩ መልኩን ለውጦ ይገኛል። በስምጥ ሸለቆ ሙቀቱ ሰውን ከቤት ያወጣዋል፤ ቢራው የሚጠጣው፣ ጥብሱ የሚበላው በበረንዳ፣ በዛፍ ጥላ ወይም ጣራ ብቻ ባለው ዳስ ሥር ነው። ባለ ሆቴሉም «ይኸ ውጭ ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ባንኮክ ላይ የጸደቀው የስምምነቱ አንቀጽ 8 መመሪያ ግን፣ ጣራ ያለው ወይም አንድ ግድግዳ እንኳ የከለለው ሥፍራ፣ ከሸራም ይሠራ ከቆርቆሮ፣ እንደ ቤት ውስጥ እንዲቆጠር ይመክራል። በዚህ መለኪያ ዳሱ ቤት ነው። በዛፉ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ደግሞ 10 ሜትሩ ይፈርድበታል፤ የብዙው ግቢ ስፋት ከዚያ አያልፍምና።

የባለ ሆቴሎቹ ሥጋት መናቅ የለበትም። አዳማ በስብሰባና በመንገደኛ የምትተዳደር ከተማ ናት፤ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ሾፌር ሲጋራውን ይዞ ሌላ ቤት ይሄድብናል ማለታቸው ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ይሁን እንጂ ፍርሃቱ ልክ የሚሆነው ሕጉ በአንዱ ቤት ሲሠራ በጎረቤቱ ሲታለፍ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የአዋቂዎች የትንባሆ ጥናት እንዳሳየው፣ ትንባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ከመቶ 5 ያህል ሲሆን፣ መጠጥ ቤት ከገባው ግን ከመቶ 60 የሚያህለው የሌላ ሰው ጭስ ደርሶበታል።

በዚህ ሁሉ ክርክር ሐሳቧን የማትጠየቀው አስተናጋጇ ናት። ደንበኛው ጭሱ ቢመረው ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል፤ እርሷ ግን እስከ እኩለ ሌሊት እዚያው ትቆያለች። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 በመጠጥ ቤቶቿ ማጨስን ስትከለክል ዋናው መከራከሪያዋ የሠራተኛው ጤና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የዩናይትድ ስቴትስ የጤና ሹም ዘገባም፣ ከሌላ ሰው ሲጋራ የሚመጣ ጭስ ጉዳት የሌለው መጠን እንደሌለውና አየር ማናፈሻ እንደማያስወግደው አረጋግጧል።

ዛሬ ዛሬ «እባክዎ ያጥፉት» የማለቱ ሸክም የሚወድቀው በእርሷው ላይ ነው። በጉርሻ የምትኖር ሴት ጉርሻ ሰጪዋን እንድትቆጣ መጠበቅ ሕጉን በዘዴ መሻር ነው። መተርኮሻውን ከጠረጴዛ ማንሣትና እምቢ ባዩን ደንበኛ ቀርቦ ማነጋገር የባለቤቱ ተግባር ነው። የማኅበሩ አባላትም አዳማ ላይ ስብሰባ በሚያዘጋጁበት ጊዜ፣ በረንዳውና ዳሱ ሳይቀር ከጭስ ነፃ እንዲሆን ከአዳራሹ ኪራይ ጋር በውሉ ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ።