ስለ ጎልፍ ጨዋታና ስለ ዕድራችን መዝገብ

(በዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ወደ አጀንዳው ከመግባታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጠኝ ሊቀ መንበሩን ጠይቄ ፈቅደውልኛል። የምናገረው ስለ አንድ ጨዋታ ነው። ነገሩ መጨረሻው መዝገባችን ዘንድ ስለሚደርስ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ አደራ እላለሁ።

እንደምታውቁት እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ጥር ወር የክፍላችን ሠራተኞች ስምንት ሆነን ገንዘብ አዋጣንና ቅዳሜና እሑድን ጨንቻ ለማሳለፍ ዓርብ ከሥራ በኋላ ተነሣን። ያንን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል። አርባ ምንጭ ላይ በሸሚዝ ያላበው ሰው ዶርዜ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ከተማችን ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ጨንቻ ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቆጮ በማርና በዳጣ በላን፣ እሳት ዳር አመሸን፣ ደስ አለን።

ከመካከላችን አንዱ መሐንዲስ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ ተለማምዷል። አምስት ዱላና አንድ ከረጢት ኳስ ይዞ መጥቶ ኖሯል። ሌሎቻችን ጎልፍን በቴሌቪዥን እንኳ ልብ ብለን አይተን አናውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ከብት ወደሚግጥበት ሜዳ ወረድን። በጋሞ አገር ሜዳ ዝም ብሎ ሜዳ አይደለም። ከብት ይግጥበታል፤ ዱቡሻ በሆነው ላይ ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦ ነገር ያይበታል። ስለዚህ ሳንጠይቅ አልቆፈርንም። አንድ አባት «ተጫወቱ፣ ስትሄዱ ግን ጉድጓዱን ድፈኑት፤ የሰው በሬ እግሩ እንዳይሰበር» አሉን። እሺ ብለን የዱቄት ወተት ጣሳ ቀበርን። የደንቡ ጉድጓድ ስፋት 10.8 ሳንቲ ሜትር ነው አለን መሐንዲሱ፤ ጣሳው ተቀራራቢ ሆነ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ትንሽ ጠንካራ ኳስ አለች፤ ክብደቷ ከ46 ግራም አይበልጥም። እሷን በዱላ እየመቱ ከሩቅ አምጥቶ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። በዋናው ሜዳ ላይ 18 ጉድጓድ አለ። የሚያሸንፈው ብዙ የመታ ሳይሆን በጥቂት ምት የጨረሰ ነው። አገሩ ስኮትላንድ ሲሆን እዚያ ብዙ መቶ ዓመት ተጫውተውታል። እኔ በበኩሌ በልጅነቴ ገና የተጫወትኩ ሰው ስለሆንኩ «ይህማ የእኛው ገና ነው» ብዬ ኮራሁ። ምን ልበላችሁ! ገና ላይ ሩሯን የሚሻማ ባላጋራ አለ፤ እዚህ ግን የሚሻማህ የለም። ኳሷ ዝም ብላ ትጠብቅሃለች፤ አንተም ትስታታለህ። የመጀመሪያው ምቴ አፈር ቆፈረ። ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ዱላውን ተቀብሎ አንድ ጊዜ ቢመታት ከሁላችን አሳልፎ ወረወራት። ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ ውድድር ገጠምን። ኳሴ ከቀርከሃው አጥር ሥር ረጅም ሣር ውስጥ ገባች። ለብቻዬ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ዱላ ሰንዝሬ አየር መታሁ፣ በሦስተኛው ወጣችልኝ። በጎልፍ ደንብ ኳሷን ለመምታት አስበህ ከሰነዘርክ ብትስታትም ይቆጠራል፤ ይህን ጠዋት ተነግሮናል። እኔ ግን ያየኝ ስላልነበረ «ዘጠኝ» ብዬ አስመዘገብኩ። አሥራ አንድ ነበር።

ማታ እሳት ዳር መሐንዲሱ አንድ ታሪክ አወጋን። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1925 በአሜሪካ ትልቁ ውድድር ላይ ቦቢ ጆንስ የሚባል ስመ ጥር ተጫዋች ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሷ በትንሹ ተንቀሳቀሰች። እሱ ራሱ ተናግሮ በራሱ ላይ አንድ የቅጣት ምት አስቆጠረ። በመጨረሻ ከሌላ ተጫዋች ጋር እኩል ወጣና በድጋሚው ተሸነፈ። ያቺን አንዲት ምት ባያስቆጥር ኖሮ ዋንጫው የእሱ ነበር። በዚህ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ዳኛ አጠገብህ አይቆምም፤ ስሕተትህን የምትናገረው አንተው ነህ አለን። እኔ እሳቱን እያየሁ ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በዚያው ቅዳሜ ንጋት የዕድራችን ጡሩምባ ተነፍቶ ነበር። ከውሃ ቦኖው አጠገብ የሚኖሩት እናታችን አርፈው ነው። የዕቃ ቤታችን ቁልፍ ደግሞ እኔ ኪስ ውስጥ ጨንቻ ነበር። የስልኬ ባትሪ ስላለቀ የደወለልኝ ሁሉ አላገኘኝም። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ሁሉ ተቆልፎበት ሐዘንተኛው በዚያ የጥር ፀሐይ እስከ ረፋዱ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ ከጎረቤት ዕድር ድንኳን ተለምኖ መጣ። የገዛ ድንኳናችን እያለ ማለት ነው።

እሑድ ማታ ስመለስ ይህን ሰማሁ። ለቅሶ ደረስኩ፣ ቤተሰቡን ይቅርታ ጠየቅኩ። እነሱም «የእግዜር ሥራ ነው» ብለው አለፉኝ። ቤቴ ገብቼ የቀብር መገኛ መዝገቡን ስከፍት ግን በስሜ አንጻር «በፈቃድ» ብዬ ጻፍኩ። ፈቃድ ማንንም አልጠየቅኩም ነበር። መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ያየኝ የለም፤ እንደዚያ ሣር ውስጥ ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ ሁለቱ የአየር ምቶች ማንንም አልጎዱም። ይህች ቃል ግን ትጎዳለች። ባለፈው ዓመት የታመመ ልጅ ሲያስታምሙ ቀብር ቀርተው 50 ብር የከፈሉ እናት እዚህ መካከላችን አሉ። ያንን ቅጣት የጻፈው ይኸው እጄ ነው። የእሳቸውን ጽፌ የራሴን ከደበቅኩ መዝገቡ መዝገብ አይደለም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የወጣቱን ቁጣ እንዳበረዱ ከተማችን ታውቃለች። እነሱ የተንበረከኩት ባላጠፉት ነገር ነው። እኔ ግን ይኸው ባጠፋሁት በፊታችሁ ቆሜአለሁ። «በፈቃድ» የሚለውን ሰርዤ «ቀሪ» ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። 50 ብሩንም ዛሬ ለገንዘብ ያዡ ከፍዬ ደረሰኝ ተቀብያለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ነገር እንድትወስኑ አሳስባለሁ።

1ኛ. የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በጸሐፊው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጥ። ከከተማ የሚወጣ ሁሉ ቁልፉን ለሊቀ መንበሩ አስረክቦ ይሂድ።

2ኛ. ቁልፍ ይዞ ለጠፋ 300 ብር ቅጣት በደንባችን ይግባ። ሲጸድቅ የመጀመሪያው ከፋይ እኔ ልሁን።

3ኛ. የመገኛ መዝገቡ በየወሩ በስብሰባው ላይ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ፤ የጸሐፊው ስም በቅድሚያ ይጠራ።

በጸሐፊነቴ እንድቀጥል ወይም እንድወርድ መወሰን ደግሞ የእናንተ ፈንታ ነው። ድምፅ ስትሰጡ እኔ ደጅ እጠብቃለሁ።

ከጨንቻ ስንመለስ የቀበርነውን ጣሳ አውጥተን ጉድጓዱን ደፍነን ነው የመጣነው፤ ለእኒያ አባት ቃል ገብተን ነበርና። እዚህም የቆፈርኩትን እንድደፍን ፍቀዱልኝ።



የዕድሩ ጸሐፊ